ሠላሳ ወር የተባለለት እግረኛ



በ1975 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት፣ ደርግ፣ የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 236ን አወጀ። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ዜጋ ስድስት ወር ይሠለጥናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ ድረስ ተጠባባቂ ሆኖ ወደ ኑሮው ይመለሳል። ተደምሮ ሠላሳ ወር መሆኑ ነው። ለገበሬ ቤት ሠላሳ ወር ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት አዝመራ ነው። አባት ወገቡን አስሮ የሚችለው፣ እጮኛም የምትጠብቀው ጊዜ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ሠላሳ ወርና ወሩ ስላላለቀለት እግረኛ ወታደር ነው።

በኤርትራና በትግራይ የተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ለምን በሠራዊቱ መፍረስ ተጠናቀቀ ሲባል ብዙ ምክንያት ይዘረዘራል። ሶቭየት ኅብረት ፊቷን አዞረች። ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በጦሩ አመራር ውስጥ እየገቡ አተራመሱት። ልምድ ያላቸው ጄኔራሎች ተረሸኑ። የኤርትራው ሻዕቢያና የትግራዩ ሕወሓት እየበረቱ ሄዱ። ሁሉም እውነት ነው፤ እንደ ገብሩ ታረቀና ፋንታሁን አየለ ያሉ የታሪክ ምሁራን በሰፊው ጽፈውበታል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ሥር አንድ ሌላ ነገር አያለሁ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የተጠጋው ያ ሠራዊት የቆመው በተራው ወታደር ትዕግሥት ላይ ነበር። ትዕግሥቱ ደግሞ በተገባለት ቃል ላይ ቆሞ ነበር። ቃሉ ተበላ። መድፉና ታንኩ እያለ፣ ሰዉም እያለ ሠራዊቱ የፈረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩን ከአዋጁ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብዬ ልጀምረው። በ1969 ዓ.ም. ከየገበሬ ማኅበሩ የተሰበሰበ ሚሊሺያ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። ያ ገበሬ ሶማሊያ ኦጋዴንን ስትወር ለምን እንደሚዘምት ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም። ድንበር ተሻግሮ የመጣ ጦር ነበረ፣ የተያዘ መሬት ነበረ፣ በየካቲት 1970 ጅጅጋ ስትመለስ ደግሞ ያለቀ ሥራ ነበረ። ከዚያ ግን ያው ገበሬ ወደ ቤቱ መመለሱ ቀርቶ መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ኤርትራ ተወሰደ። እዚያ ከፊቱ ያገኘው ሰው እንደሱ የሚያርስ፣ እንደሱ የሚጾም ወይም የሚሰግድ፣ እናቱንም እንደሱ የሚጠራ ሰው ነው። የእርስ በርስ ጦርነት እግረኛ ሸክሙ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ጅጅጋ አጠገብ ካራማራ ላይ የነበረው ልበ ሙሉነት በኤርትራ ሳሕል ተራሮች ላይ አልነበረም። ያልነበረውም ወታደሩ ስለፈራ አይደለም፤ ጀግንነቱን ተጋጣሚዎቹም መስክረውለታል።

በአዋጁ የተመለመለው ብሔራዊ ወታደርስ ከየት መጣ? ለየአውራጃው ኮታ ይደርሳል፤ አውራጃው ለወረዳ፣ ወረዳው ለገበሬ ማኅበርና ለቀበሌ ያከፋፍላል። ከዚያ በታች ምርጫው በማኅበሩ ወይም በቀበሌው ሊቀ መንበር እጅ ነው። ዘመድ ያለው ይተርፋል፣ እጅ መንሻ ያቀረበ ይተርፋል፣ የደኻዋ መበለት ልጅ ይሄዳል። ኮታው አልሞላ ሲል አፈሳ ይመጣል። ገበያ ላይ፣ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ሲኒማ ቤት በር ላይ መኪና ይቆማል። በእነዚያ ዓመታት ወንድ ልጅ ያሳደገች እናት እዚህ ካለች፣ ልጇን የት የት እንደደበቀች እሷው ትንገራችሁ። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅም በዚህ መንገድ ሄዷል። አዋጁ ስለ ዜግነት ግዴታ ይናገራል፤ ልጁ የሚያውቀው ግን ለእኅቱ ሳይነግራት መወሰዱን ነው።

ሥልጠናው አጭር ነው። ሰልፍ፣ ክላሽ መፍታትና መግጠም፣ ዒላማ፣ የፖለቲካ ትምህርት። ከዚያ በኋላ ስሙ ከጓድ ወደ መቶ፣ ከመቶ ወደ ሻምበል፣ ከሻምበል ወደ ሻለቃ እያለ ወደ ላይ ይያያዛል። እያንዳንዱ ክፍል በላዩ ሦስት ሹም አለው፦ አዛዡ፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩና የወታደራዊ ደኅንነቱ ሰው። ሦስቱም ወደ ላይ የሚያስተላልፉት በየራሳቸው መስመር ነው። አዛዡ ማፈግፈግ ይሻላል ብሎ ቢያምን እንኳ ኮሚሳሩ ምን ይጽፍብኛል እያለ ይፈራል። አዛዡ ሲፈራ ዋጋውን የሚከፍለው እግረኛው ነው፤ ሊለቀቅ የሚገባው ጉብታ ላይ ይቆያል።

የኤርትራዋን ናቅፋን እንውሰድ። ከተማይቱ በ1969 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ገብታ ነበር። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ሲታወጅ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ራሳቸው አሥመራ ከተሙ፣ ያ ሁሉ ሠራዊትም በዚያች ትንሽ ከተማ ላይ ተመመ። አልተያዘችም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሁለቱ ወገኖች በምሽግ ተፋጠጡ። አንዳንድ ቦታ ላይ ምሽጎቹ ከመቀራረባቸው የተነሣ የወዲያኛው ሰው ሲያስል ይሰማል። ቀን ቀና ማለት አይቻልም፤ አልሞ ተኳሽ አለ። ውኃ ከሩቅ በጀሪካን በሰው ትከሻ ይወጣል፤ በኮዳ ተለክቶ ይታደላል። ስንቅ ካልደረሰ ኮቾሮ ነው፤ ጥርስ የሚሰብር ደረቅ ብስኩት። ቆላው ላይ ወባና ተቅማጥ፣ ደጋው ላይ ሌሊቱን አጥንት የሚሰብር ብርድ። ምሽግ ውስጥ ከጥይት ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው መጠበቁ ነው። የቀድሞ ወታደሮች ሲያወሩ ደጋግሜ የምሰማው ስለ ትልቁ ማጥቃት አይደለም። ስለ ቅማል፣ ስለ ጫማ፣ አብሮ ሲያጨስ ስለነበረና ጠዋት ላይ ስለሌለ ጓደኛ ነው።

ደብዳቤም አለ። ይህ ትውልድ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየመንደሩ የደረሰለት ትውልድ ነው። አያቱ ጦር ሜዳ ሲዘምት ስለ ራሱ የሚጽፍለት ደብተራ ያስፈልገው ነበር፤ እሱ ግን በራሱ እጅ፣ በተጣመመ ፊደልም ቢሆን፣ ለእናቱ «ደኅና ነኝ» ብሎ መጻፍ የሚችል ሆኗል። እነዚያ ደብዳቤዎች ዛሬም በየሣጥኑ ውስጥ፣ ከክርስትና ካርድና ከግብር ደረሰኝ ጋር ታጥፈው ይገኛሉ። እንደ እኔ እምነት ስለዚያ ጦርነት ከታች ወደ ላይ የተጻፉት ዋነኛ ሰነዶች እነሱ ናቸው። የጄኔራሎችና የመኮንኖች ትዝታ ታትሟል። በቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ የተጻፈው ታላቁ ልቦለድ፣ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»፣ ጦርነቱን የሚያየው በጋዜጠኛ ዓይን ነው፤ በዓሉም መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በየካቲት 1976 የደረሰበት ጠፋ። እግረኛው ራሱ የጻፈው ግን ያ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ሠላሳው ወር ሲሞላ ምን ሆነ? ብዙዎቹ አልተለቀቁም። ጦርነቱ ሰው ይፈልጋል፣ ምትኩ አልደረሰም፣ ዘመቻው ይለቅ ይባላል። ሠላሳ ወሩ አራት ዓመት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ፈቃድ ብርቅ ሆነ፤ ፈቃድ ያገኘ ሰው ላይመለስ ይችላላ። ይህን ጊዜ ነው ወታደሩ በልቡ ስሌት የሚጀምረው። ከዚህ የምወጣባቸው መንገዶች ስንት ናቸው? መሞት አንዱ ነው። መማረክ ሌላው ነው። መክዳት አለ፤ ከተያዘ ይረሸናል። እጁን ወይም እግሩን በራሱ ጥይት የመታም አለ፤ ያም ከታወቀ ያስቀጣል። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ጦርነቱን የተቃወመ ፖለቲከኛ አይደለም። መንግሥቱ የጻፈውን አዋጅ አምኖ፣ ቀኑን ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ነው።

አሁን ወደ አፋቤት ልውሰዳችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የእግረኛው ታሪክ በሙሉ በሦስት ቀን ውስጥ የሚታይበት ቦታ ነውና። ናደው እዝ ዋና ሰፈሩን አፋቤት ላይ አድርጎ የናቅፋን ግንባር ይዞ ነበር። ከአፋቤት ውጊያ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ የእዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ትእዛዝ አሥመራ ላይ ተረሸኑ። አዛዡን የገዛ መንግሥቱ ሲረሽንበት ምሽግ ውስጥ ያለ ወታደር ምን ያስባል? ለዓመታት በአንድ ቦታ ሰልችቶ የተቀመጠ፣ ፈቃድ ያላየ ጦር ነው። በመጋቢት 8 ቀን 1980 ዓ.ም. ሻዕቢያ በሦስት አቅጣጫ ገባ። ሲያፈገፍግ የነበረው የታንክና የመኪና ዓምድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ሳለ ፊተኛው ተመታና መንገዱ ተዘጋ። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። ያን ጊዜ የራሳችን አውሮፕላኖች መጡ። ታንኮቹ በጠላት እጅ እንዳይገቡ ተብሎ ዓምዱ በገዛ ወገኑ ቦምብ ተደበደበ። ከታንኩ አጠገብ ሰው ነበር። ሬዲዮ ይዞ «እኛ ነን» የሚል ሰው ነበር ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ውሳኔውን የሰጠው ወገን ሒሳቡን የሠራው በብረቱ ነው፤ ለእግረኛው ሕይወት በዚያ ሒሳብ ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም። አፋቤት በመጋቢት 10 አለቀላት፤ ናደው የሚባል እዝ ከዚያ ወዲያ የለም።

ከአፋቤት በኋላ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተባለ። ከሶማሊያ ጋር በዚያው ሰሞን ስምምነት ተፈርሞ ከምሥራቅ ክፍለ ጦሮች ወደ ሰሜን ተጓዙ፤ አዲስ አፈሳም ተጀመረ። ከወንድሙ ተቀብሎ የሚዘምተው አሁን የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆነ።

ስለ እግረኛው ስቃይ ስናገር ስለ ሠራዊቱ ጥፋት ዝም ብል ግን ንግግሬ የማይታመን ይሆናል። ከአፋቤት ሁለት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1980፣ ሽዕብ በምትባል የኤርትራ መንደር ያ ሠራዊት ሲቪሎችን በመቶዎች ፈጀ፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩበት። በዚያው ዓመት በሰኔ ትግራይ ውስጥ ሐውዜን በገበያ ቀን ከአየር ተደበደበች። ሐውዜን የአብራሪዎች ሥራ ነው፤ ሽዕብ ግን የምድር ጦር ሥራ ነው። እዚያ ከተኮሱት መካከል በአፈሳ የመጣ ልጅ መኖሩ ጥፋቱን አያጥበውም። የተገደደ ሰውም ሌላውን ሊያጠፋ ይችላል፤ የእርስ በርስ ጦርነት ከሰው ላይ የሚወስደው አንዱ ነገር ይህ ነው። ታሪኩን ስንጽፍ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ አለብን።

ስለ ምርኮኛውም ልናገር። መንግሥት ወታደሮቹ ተማርከዋል ብሎ አያምንም ነበር። ስለዚህ የተማረከው ልጅ በሕይወት እያለ በአገሩ መዝገብ ላይ የለም። ከእነሱ አንዳንዶቹ ወደ ሱዳን ተሻገሩ፣ ከዚያም አሜሪካ ድረስ ደረሱ፤ አንዳንዶቹ ከያዛቸው ወገን ጋር ተሰለፉ። በ1982 ዓ.ም. የኦሮሞ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት (ኦሕዴድ) ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ከደርግ ጦር የተማረኩ ሰዎች ነበሩ። ቤተሰብ ግን ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል?

በእኛ ባህል ሞት በመርዶ ነው የሚታወቀው። ሽማግሌዎች ጎሕ ሳይቀድ መጥተው በር ያንኳኳሉ፤ እናት ድምፃቸውን ስትሰማ ታውቀዋለች። መርዶ ከባድ ነው፣ ግን በር ይከፍታል። ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ፍትሐት ይደረጋል፣ አርባው ይወጣል፣ ሙት ዓመት ይዘከራል። ሙስሊሙም ሰግዶለት፣ ዱዓ አድርጎለት ያወጣዋል። መርዶ ያልመጣላት እናት ከዚህ አንዱንም ማድረግ አትችልም። ብታለቅስ በሕይወት ባለ ልጅ ላይ ታሟርታለች፤ ባታለቅስ ልጇን ሳታለቅስለት ትቀራለች። ሚስቱ ባል የሞተባት ናት እንዳትባል ማስረጃ የላት፤ እንዳታገባ ባለትዳር ናት። የመሬቱ ድርሻም እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ጎረቤት ለእናትየዋ ሠርግ ሲጠራት ትሄዳለች፤ የልጇ እኩዮች ሲሞሸሩ ታያለች። በሺህ የሚቆጠር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጦ አርጅቷል። ደርግ የሟቾቹን ቁጥር ለሕዝብ መናገር ሞራል ይነካል ብሎ አሰበ። ሲወድቅም ዝምታውን ሳይፈታው ወደቀ።

የቀረውን በአጭሩ ልሂድበት፣ ታውቁታላችሁና። በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ 604ኛው ኮር ተደመሰሰ፣ መንግሥት ትግራይን ለቆ ወጣ። በግንቦት 8 ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ፣ በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። በየካቲት 1982 ምፅዋ ተያዘችና ኤርትራ ውስጥ ያለው ጦር ስንቁን በአውሮፕላን ብቻ የሚጠብቅ ሆነ። በግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ ከአገር ወጡ።

ሊቀ መንበሩ መሸሻቸውን ለምሽጉ ወታደር ማንም አልነገረውም። ብዙዎቹ በሬዲዮ ሰሙት። ከሦስት ቀን በኋላ አሥመራ ተያዘች። ኤርትራ ውስጥ የነበረው የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ሰው በአሥር ሺዎች ሆኖ በከረን በኩል ወደ ሱዳን ድንበር አቀና፤ ሌላው መረብን ተሻግሮ ወደ ደቡብ። ግንቦት ነው፣ ቆላ ነው፣ ውኃ የለም። ሚስትና ልጅ ይዞ የሚጓዝ አለ፤ ኤርትራ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ ወታደር ቤት መሥርቷላ። በውኃ ጥም የወደቁት ብዙ ናቸው፤ ጦርነት ካበቃ በኋላ የሞቱ ናቸው። መሣሪያውን በውኃና በእንጀራ የለወጠ ወታደር ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ሲያልፉ ጎጆዋን የከፈተች፣ ወተት የሰጠች፣ ቁስል ያጠበች ገበሬ ነበረች፤ ትናንት ልጇን ሲወጋ ለነበረው ጦር ሰው። እንዲህ ስላሉት ሴቶች የተናገረ ሰው ጥቂት ነው፤ የቀድሞ ወታደሮችን ብትጠይቁ ግን ከሁሉ በፊት የሚያነሡት እነሱን ነው።

አዲሱ መንግሥት ሠራዊቱን በተነው። በጦር ሰፈሮች ተሰብስቦ ከሰነበተ በኋላ፣ በ1983 የተቋቋመው የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በጥቂት ገንዘብና በምግብ ዕርዳታ ወደየቀዬው ሸኘ። ይህን ያህል ሰው በአጭር ጊዜ ሳይናቆር ወደ ኑሮ መመለሱ ትልቅ ሥራ ነው፤ መመስገን ይገባዋል። ሥራው ግን ስለ እህልና ስለ በሬ እንጂ ስለ ክብር አልነበረም። ከኤርትራ የተፈናቀለው ቤተሰብ አዲስ አበባ ላይ በላስቲክ ቤት ውስጥ ዓመታት ቆጠረ። መለዮ የለበሰ ሰው መንገድ ዳር እጁን ሲዘረጋ ያየ ሕፃን ወታደርነትን በዚያ ተማረ። በመቐለ፣ በባሕር ዳር፣ በአዳማ ደርግን ለታገሉት ሰማዕታት ሐውልት ቆመ፤ የሞተ ሰው ሊዘከር ይገባዋልና አልቃወምም። ሠላሳ ወር ተብሎ የወጣው ልጅ ግን በመንግሥት ስም ስለሄደ ከመንግሥቱ ጋር አብሮ ተቀበረ።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሣው የድሮ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በዚያው በሰሜን እንደገና ተዋጋን። በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ሲፈረም ከሁሉም ወገን መርዶ የሚጠብቅ ቤት ነበረ፤ ዛሬም አለ። ያኔ ያልሠራነውን ሥራ አሁንም ካልሠራነው እነዚህም እናቶች እንደዚያኞቹ በር በሩን ሲያዩ ያረጃሉ።

ሥራው ምንድን ነው? ፋንታሁን አየለ መጽሐፉን የጻፈው የመከላከያ ሚኒስቴርን መዛግብት መርምሮ ነው። መዝገብ አለ ማለት ነው። የክፍለ ጦር ሪፖርት፣ የሠራዊት ዝርዝር፣ የጉዳት ቆጠራ ተጽፏል። እነዚያ መዛግብት ለቤተሰብ ክፍት ይሁኑ፤ አንዲት እናት የልጇን ስም ይዛ ሄዳ የትኛው ብርጌድ እንደነበረ፣ በየት ቦታና በምን ቀን ከዝርዝር እንደወጣ የምትጠይቅበት አንድ መስኮት ይኑር። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክ ተማሪዎቻቸውን በየወረዳው ይላኩ፤ የዚያ ዘመን እግረኛ ዛሬ ወደ ስልሳ ዓመት ተጠግቷል ወይም አልፎታል፣ ብዙ አይጠብቀንም። የሚጠየቀውም ጥያቄ ከባድ አይደለም። በየትኛው ዓመት፣ ከየት ተወሰድክ? የት ሠለጠንክ? የትኛው ክፍለ ጦር፣ የትኛው ብርጌድ? በግራህና በቀኝህ ማን ነበር? የትውልድ ቀዬውስ የት ነበር? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሌላ ቤት የሚጠበቅ መርዶ ሊሆን ይችላልና በጥንቃቄ ተጽፎ ይቀመጥ።

በዚህ አዳራሽ ውስጥም ያገለገሉ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ወደ ጥያቄና መልስ ስንገባ መድረኩ መጀመሪያ ለእናንተ ነው። የተናገርኩት ስሕተት ካለ አርሙት፤ የክፍላችሁን ቁጥርና የጓዶቻችሁን ስም ስትጠሩ አዘጋጆቹ እንዲጽፉ ወረቀት ይዘዋል።